ጋሻ ጃግሬው እንጉዳይ

ከለንደን በስተምሥራቅ፣ በኒውሃም ክፍለ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ለመርከቦች በተከፈተው በሮያል ቪክቶሪያ ዶክ ዳርቻ፣ ኤክሴል የሚባል እጅግ ሰፊ አዳራሽ ተዘርግቶ ይታያል። በ2012 በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር የቦክስና የትግል መድረክ የነበረው፣ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በጸና ጊዜ ደግሞ ለጥቂት ወራት ወደ ሕሙማን ማረፊያነት የተለወጠው ይህ አዳራሽ፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ በተቃረበበት ሰሞን፣ ከነሐሴ 12 እስከ 15 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከልዩ ልዩ አህጉር የተጠሩ ተጫዋቾችን ለዓለም የፖኬሞን ሻምፒዮና ተቀበለ። ሻምፒዮናው ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2004 አንሥቶ ከሰሜን አሜሪካ ወጥቶ የማያውቅ ነበር፤ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2020 እንድታስተናግደው ታስቦ ሳለ ወረርሽኙ ሁለት ዓመት ስላዘገየው፣ በዓሉ በናፍቆት የተጠበቀ ሆነ። በቪዲዮ ጨዋታው የአዋቂዎች ክፍል ድል የተቀዳጀው ኤድዋርዶ ኩኛ የተባለው ፖርቱጋላዊ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አሸናፊው መናገር አይደለም፤ በእንዲህ ያለው ፍልሚያ ራሱ ብዙ ሳይገድል ሌላውን ለድል ስለሚያበቃው፣ ተጫዋቾችም አስበውና ቀምረው ስለሚገነቡት ስለ ደጀኑ ፍጥረት አንባቢን ማስተዋወቅ ነው እንጂ።

ፖኬሞን እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን የታተመ ጨዋታ ሲሆን፣ ጠንሳሹ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን ከየሜዳው እየለቀመ መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነበር፤ ጨዋታውም ከዚያ ፍቅር የተወለደ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ፍጥረታትን እየያዘ፣ እያሳደገና እያሠለጠነ ከሌላ ሰው ፍጥረታት ጋር ያጋጥማቸዋል። በለንደን የተጫወቱበት ‹ሰይፍ› እና ‹ጋሻ› የተባለው የ2019 እትም ታሪኩ የሚፈጸምበትን ምድር የቀረጸው የብሪታንያን ደሴት አምሳያ አድርጎ ሲሆን፣ ታላቂቱን ከተማም በለንደን መልክ ሠርቷታል። የፍልሚያው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች 6 ፍጥረታት ይዞ ይቀርባል፤ የተጋጣሚውንም 6 አይቶ ከራሱ 4ቱን በምስጢር ይመርጣል፤ ሁሉም በእኩል ደረጃ፣ ይኸውም በደረጃ 50 ይቆማሉ፤ በሜዳው ላይ በአንድ ጊዜ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ይሰለፋሉ። በየዙሩ ሁለቱም ተጫዋቾች ትእዛዛቸውን አንዱ የሌላውን ሳያይ ይሰጣሉ፤ ትእዛዙም በፍጥረታቱ ፍጥነት ቅደም ተከተል ይፈጸማል። አራቱም የወደቁበት ይሸነፋል።

ጀማሪ የሆነ ሰው ይህን ሥርዓት እንደ ተማረ ስድስቱንም ኃይለኛ አጥቂዎች አድርጎ ማሰለፍ ይመኛል፤ ምኞቱ ግን ብዙ አያራምደውም። ሜዳው ሁለት ለሁለት ነውና፣ ተጋጣሚው ሁለቱን ፍጥረታቱን በአንዱ ላይ አዝምቶ፣ ብርቱ የተባለው አጥቂ አንዲት ምት እንኳ ሳይሰነዝር ሊጥለው ይችላል። በቀድሞው የአገራችን ዘመቻ የጦር አበጋዙ ጋሻ ጃግሬውን ሳያስከትል ወደ ውጊያ አይገባም ነበር፤ ጋሻ ጃግሬው የሚመሰገነውም በገደለው ብዛት ሳይሆን፣ ጌታው በሕይወት ቆይቶ ግዳዩን በመጣሉ ነበር። በፖኬሞን ፍልሚያም ለዚህ ማዕርግ የሚታጩ ፍጥረታት አሉ፤ አንዳንዱ እንደ ኢንሲነሮር ወደ ሜዳ ሲገባ በግርማው የሁለቱንም ጠላቶች የጥቃት ኃይል አንድ እርከን ያወርዳል፤ አንዳንዱ ጓደኛውን ይፈውሳል፤ አንዳንዱም ጠላትን ያስተኛል። ከእነዚህ መካከል ብዙውን አገልግሎት በአንድ አካል አስተባብሮ የያዘው አሙንጋስ ነው።

አሙንጋስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው እትም ጀምሮ የታወቀ፣ ከሣርና ከመርዝ ወገን የተወለደ እንጉዳይ ነው። ተፈጥሮ ያደለችውን መሠረታዊ ነጥብ ብንመረምር ሕይወቱ 114፣ ጥቃቱ 85፣ መከላከያው 70፣ ልዩ ጥቃቱ 85፣ ልዩ መከላከያው 80፣ ፍጥነቱ 30 ሆኖ እናገኘዋለን፤ ድምሩም 464 ነው። ከሕይወቱ ስፋት በቀር የሚያስደንቅ ነገር የለበትም፤ ፍጥነቱማ ከዝቅተኞቹ ወገን ነው። ክብሩ ያለው ግን በስልቶቹ ነው። የመጀመሪያው የቁጣ ብናኝ የተባለው ሲሆን፣ ይህን ብናኝ በነዛ ጊዜ በጓደኛው ላይ ብቻ የተቃጣው ምት ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል፤ ስልቱም ከፍጥነት ተራ የሚቀድም ስለ ሆነ፣ እንጉዳዩ ምንም ዘገምተኛ ቢሆን ከጠላት ምት አስቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው የእንቅልፍ ዘር ነው፤ ዒላማውን መቼም አይስትም፤ የነካውንም ጠላት ከአንድ እስከ ሦስት ዙር ያስተኛዋል። ሦስተኛው የጽጌ ብናኝ ኳስ ነው፤ በጠላት ላይ ቢጣል ይጎዳል፤ በጓደኛ ላይ ቢጣል ግን የሙሉ ሕይወቱን ግማሽ ይመልስለታል። አራተኛው ማንኛውም ደጀን የማይለየው ራስን መከለል ነው። በእነዚህ ላይ ከሜዳ በወጣ ቁጥር የሕይወቱን ሲሦ የሚያድስ ተሰጥዎ ስላለው፣ ቆስሎ ወጥቶ፣ አገግሞ ሊመለስ ይቻለዋል።

የግንባታው ጥበብ ከዚህ ይጀምራል። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ፍጥረት 510 የልምምድ ነጥብ ይፈቅዳል፤ ለአንዱ ዘርፍ ግን ከ252 በላይ ማዋል አይቻልም። በደረጃ 50 ላይ፣ ከልደት የሚሰጠው ነጥብ ሙሉ 31 በሆነበት ዘርፍ፣ የመጀመሪያዎቹ 4 ነጥቦች አንድ ብልጫ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለየ1 ብልጫ 8 ነጥብ ያስፈልጋል፤ እንግዲህ 252ን በሕይወት ላይ ያዋለ ሰው 32 ብልጫ ያገኛል፤ ሕይወቱ ከ189 ወደ 221 ይወጣል፤ ከሜዳ ሲወጣ የሚታደስለት ሲሦም 73 ይሆናል። ሌላውን 252 በመከላከያ ላይ ቢያውል፣ ከ25ቱ ባሕርያትም መከላከያን በመቶ 10 ከፍ አድርጎ ፍጥነትን በዚያው ልክ የሚያወርደውን ቢመርጥ፣ መከላከያው ከ90 ወደ 134 ያድጋል። ከዚህም ሌላ ጠቢቡ ተጫዋች ከልደት የሚሰጠው የፍጥነት ነጥብ ዜሮ የሆነበትን እንጉዳይ ይፈልጋል፤ ያለዚህ ጥንቃቄና ያለዚያ ባሕርይ 50 ሊሆን የሚችለው ፍጥነት ወደ 31 ይወርድለታል። ፍጥነትን ሆን ብሎ መቀነስ ለጊዜው እንግዳ ቢመስልም፣ ምክንያቱ ወደ ኋላ ሲብራራ ይታያል።

እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚያገኙት በአንድ የታወቀ ጠላት ሚዛን ሲመዘኑ ነው። በለንደን በነበረው ሥርዓት ከሚፈሩት አንዱ ሰይፍ በአፉ የሚይዘው ተኩላ፣ ዛሺያን ነው፤ ወደ ሜዳ ሲገባ የጥቃቱ ኃይል በራሱ አንድ እርከን ይጨምራል። የጥቃት ነጥቡን እስከ መጨረሻው ያሳደገ ዛሺያን ታላቁን የሰይፍ ምቱን ምንም ልምምድ ባልተሰጠው አሙንጋስ ላይ ቢያሳርፍ፣ የሚያደርሰው ጉዳት ከ229 እስከ 270 ይደርሳል፤ የእንጉዳዩ ሕይወት 189 ነውና ዕጣው ምንም ቢሆን ይወድቃል። ያው ምት ከላይ እንደ ተነገረው በተገነባው ላይ ሲያርፍ ግን ጉዳቱ ከ154 እስከ 183 ብቻ ይሆናል፤ 221 ሕይወት ያለው እንጉዳይም በከፋው ዕጣ እንኳ ቆሞ ይቀራል። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ምት ከመቶ 85 እስከ 100 ባለው መካከል ከ16 ዕጣዎች አንዱን ያወጣል፤ ስለዚህ ልባም ገንቢ ‹‹አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል›› በሚል ግምት አይረካም፤ በ16ቱም ዕጣ መትረፉን ቀምሮ ሳያረጋግጥ አያርፍም። ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈውንም ነጥብ ከዚያ አንሥቶ ወደ ልዩ መከላከያው ያዛውረዋል፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ሌላ ጠላት አለና።

አሁን አንድ ፍልሚያ በቅርብ እንመልከት። በአሙንጋስ ጎን ካሊሬክስ የተባለው ንጉሥ በበረዶ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ቆሟል፤ በፊት ለፊታቸው ዛሺያንና አንድ ሌላ ፈጣን አጥቂ አሉ። ካሊሬክስ የበረዶ ወገን ነውና የዛሺያን የብረት ወገን ምት በእርሱ ላይ እጥፍ ይሠራል፤ ንጉሡም ፍጥነት ስለሌለው ጠላቶቹ ይቀድሙታል። በመጀመሪያው ዙር አሙንጋስ የቁጣ ብናኙን ይነዛል፤ ካሊሬክስ ደግሞ የፍጥነትን ሥርዓት የሚገለብጠውን ጥበብ ይጀምራል፤ ይህም ጥበብ በዙሩ መጨረሻ ካልሆነ አይፈጸምም። የዛሺያን ሰይፍ ለንጉሡ ታስቦ ተሰንዝሮ በእንጉዳዩ ላይ ያርፋል፤ በእንጉዳዩም ላይ ብረት እጥፍ አይሠራምና ይችለዋል። ጥበቡ እንደ ተፈጸመ የቀድሞው ሥርዓት ይገለበጣል፤ ዘገምተኛው ይቀድማል፤ ፈጣኑ ይከተላል። በሁለተኛው ዙር ፍጥነቱ 31 የሆነው አሙንጋስ ከሁሉ አስቀድሞ ዛሺያንን ያስተኛዋል፤ ካሊሬክስም ሁለቱንም ጠላቶች በአንድነት የሚመታውን የበረዶ ጦር ይወረውራል። በመነሻው ጉድለት የነበረው ዝግታ እነሆ በዚህ ጊዜ ሀብት ሆነ፤ ቀድሞ ወደ ዝቅታ የወረደው የፍጥነት ነጥብም ፍሬውን ሰጠ።

ይህ ሁሉ ሲባል አሙንጋስ ድል የማይነሡት ነው ማለት አይደለም። የእሳት፣ የበረዶ፣ የበራሪና የአእምሮ ኃይል ወገኖች ምት በእርሱ ላይ እጥፍ ይሠራል። ብናኞቹ በሣር ወገን ላይ ኃይል የላቸውም፤ መከላከያ መነጽር የያዘውንም ጠላት አያገኙትም። ሁለቱን በአንድነት የሚመታ ምት፣ ለምሳሌ ኪዮግር የተባለው ፍጥረት የሚያወርደው የውኃ ጎርፍ፣ በቁጣ ብናኝ አይዞርም። ጠላት በስድብ ስልት ያስቆጣው እንደ ሆነ የእንቅልፍ ዘሩንም የቁጣ ብናኙንም ለጊዜው መጠቀም አይችልም፤ የጽጌ ብናኝ ኳሱ ግን የጥቃት ስልት ሆኖ ስለሚቆጠር አይከለከልበትም። ስለዚህ ገንቢው የሚያስይዘውን ዕቃ የሚመርጠው እጅግ የሚፈራውን አስቦ ነው፤ የበራሪን ምት ፈርቶ ከሆነ ያንን ምት በግማሽ የምታሳንሰውን ፍሬ ያስይዘዋል፤ አካል ለአካል የሚገጥሙት የሚበዙ ከሆነ ደግሞ የመታውን ሁሉ የሕይወቱን አንድ ስድስተኛ የሚያሳጣውን የድንጋይ ቁር ያለብሰዋል።

የደጀንን ክብር ለዓለም የመሰከረው ታላቁ ምሳሌ ግን ከለንደን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ታይቷል። ደቡብ ኮሪያዊው ሴጁን ፓርክ ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሯትን ፓቺሪሱ የተባለች የኤሌክትሪክ ሽኮኮ ይዞ በዚያው ሻምፒዮና ቀረበ። ፓቺሪሱ የኤሌክትሪክን ምት ወደ ራሷ ስባ ጉዳቱን ወደ ፈውስ የምትለውጥ ስለ ሆነች፣ በኤሌክትሪክ አራት እጥፍ የሚጎዳው ግያራዶስ የተባለው ታላቅ አጥቂ በእርሷ ጥላ ሥር ተከልሎ ውጊያውን ፈጸመ፤ ፓርክም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሽኮኮይቱን ለብቻዋ የመዘናት ሰው ደካማ ይላታል፤ ከግያራዶስ ጋር አጣምሮ የመዘናት ግን በስፍራዋ የሚተካት ፍጥረት ማግኘት ይቸግረዋል።

እንግዲህ ደጀን ለመገንባት የሚነሣ ሁሉ ‹‹ይህ ፍጥረት ምን ያህል ብርቱ ሊሆን ይችላል?›› ብሎ ቢጀምር መንገዱን ይስታል። አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ‹‹ማንን ነው የሚታደገው? ከማንስ ምት?›› ብሎ ነው። የሚታደገው ሲታወቅ ስልቶቹ ይመረጣሉ፤ የሚፈራው ምት ሲታወቅ ነጥቡ ይከፋፈላል፤ ነጥቡ ሲከፋፈል ባሕርዩና የሚይዘው ዕቃ ይወሰናሉ፤ በመጨረሻም ስሌቱ በ16ቱ ዕጣ ይፈተናል። ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ ግንባታ ለሁሉም የሚሆን መስሎ ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

የአውሮፓ ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በዚያው በኤክሴል አዳራሽ ተደርጓል፤ በለንደን የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆችም ይህን ጨዋታ ከእኩዮቻቸው ጋር ይጫወቱታል። ወላጅ የሆነ ሰው ልጁ በማያው መስኮት ላይ የሚደምረውንና የሚቀንሰውን ከንቱ ልፋት አድርጎ ባይቆጥርበት መልካም ነው፤ ልጁ በዚያ ሰዓት የተወሰነ ሀብትን በማስተዋል ማካፈልን፣ አደጋን አስቀድሞ በቁጥር መመዘንን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባልንጀራን ለፍሬ ማብቃት ራሱን የቻለ ጀግንነት መሆኑን እየተማረ ነውና። ይህን ትምህርት በሚገባ የቀሰመ ልጅ፣ ጨዋታውን ትቶ ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው በተሰማራ ጊዜም፣ ከሰው ጋር ተባብሮ ለመሥራት የተዘጋጀ ሆኖ ይገኛል።