መዝገብ ላይ የሌለው ፕሮሰሰር

ድሬዳዋ ላይ «ታይዋን» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃው የታወቀው ገበያ ነው። ገበያውን ከደሴቷ ጋር የሚያዛምደው ግን ስም ብቻ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ ክዳኑ ላይ የየትኛውም አገር ምልክት ይኑርበት፣ የገጣጠመው ብዙ ጊዜ እንደ ኳንታ፣ ኮምፓል ወይም ዊስትሮን ያለ የታይዋን ኩባንያ ነው። ላፕቶፑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ማለትም ባዮሱን፣ የያዘችው ባለ ስምንት እግር ቺፕም ብዙ ጊዜ የዊንቦንድ ወይም የማክሮኒክስ ሥራ ናት፤ ሁለቱም የታይዋን ናቸው። ከጥፍር የማትበልጠው ይህች ቺፕ ላፕቶፑ የትኛውን ፕሮሰሰር ተቀብሎ የትኛውን እንደሚመልስ ትወስናለች። እሷን ከፍቶ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሙያው ቁም ነገር ደግሞ አንድ ቃል መፍታት ነው። «አይደግፍም» የሚባለው ነገር አንዳንዴ «አይችልም»፣ አንዳንዴ «አልተመዘገበም»፣ አንዳንዴም «ተከልክሏል» ማለት ነው። ሦስቱን ያልለየ ጠጋኝ ወይ የሚሠራውን ዕቃ ይጥላል፣ ወይ የማይሠራውን ሲታገል ደህናውን ቦርድ ያቃጥላል።

ላፕቶፕ ሲበራ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚያነበው ከዚህችው ቺፕ ነው። ባዮሱ የፕሮሰሰሩን መለያ ቁጥር ይጠይቅና ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀ ማይክሮኮድ በውስጡ ይፈልጋል። ማይክሮኮድ የፕሮሰሰሩን የውስጥ አሠራር የሚያርም ትንሽ ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የፔንቲየም ፕሮሰሰር የማካፈል ስህተት ኢንቴልን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቶት ነበር፤ በ1995 የወጣው ፔንቲየም ፕሮ ግን እንዲህ ያለውን እርማት ከተሸጠ በኋላም መቀበል የሚችል ሆኖ ተሠራ። ባዮሱ መለያ ቁጥሩን ካጣው አንዱ ላፕቶፕ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ሌላው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይቆማል፤ ሌላው ደግሞ ይነሣና ፍጥነቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር አይስማማም ለማለት አያበቃም። ምናልባት የጎደለው መዝገቡ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420 ይህን በደንብ ያሳያል። ላፕቶፑ የተሠራው ሳንዲ ብሪጅ ለሚባለው የኢንቴል ትውልድ ነው፤ መለያው 206ኤ7። በዓመቱ የመጣው አይቪ ብሪጅ፣ መለያው 306ኤ9፣ የሚቀመጠው በዚያው ሶኬት ላይ ነው። የፋብሪካው ባዮስ ግን አዲሱን ትውልድ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ኮርቡት ሲጫንበት፣ ያው ቦርድ ያንኑ ፕሮሰሰር ይዞ ይነሣል። ሶኬቱም ሽቦውም አልተነካም፤ የተለወጠው ቺፗ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ «አይደግፍም» ማለት «አልተመዘገበም» ማለት ነበር። ከሳንዲ ብሪጅ በፊት የነበረው ትውልድ ፕሮሰሰር ግን እሱም 988 እግር ቢኖረውም አቀማመጡ ስለሚለይ እዚህ ሶኬት ላይ አይገባም። ይህኛው እውነተኛው «አይችልም» ነው፤ የትኛውም ባዮስ አያድነውም።

ሥራው የሚጠይቀው ከድፍረት ይልቅ ሥርዓት ነው። ባትሪው ይነቀላል፣ ክሊፑ የቺፗን ስምንት እግሮች ይነክሳል፣ ፕሮግራመር የሚባለው መሣሪያ ይዘቱን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገለብጣል። የቲ420 ይዘት 8 ሜጋባይት ነው። ንባቡ ሁለት ጊዜ ተደርጎ ሁለቱ ፋይሎች ፍጹም አንድ ካልሆኑ ክሊፑ በትክክል አልነከሰምና ምንም አይጻፍም። ቮልቴጁም በቅድሚያ ይታያል፤ በ1.8 ቮልት የምትሠራ ቺፕ 3.3 ቮልት ቢለቀቅባት ልትቃጠል ትችላለች። ብዙ ጥፋት የሚመጣው ግን ከሌላ ላፕቶፕ የተቀዳን ፋይል እንዳለ ከመጫን ነው። በዚያች ቺፕ ውስጥ ባዮሱ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ካርዱ አድራሻና የላፕቶፑ መለያ ቁጥር ጭምር ይገኛሉ፤ የሰው ፋይል የጫነ የሰው መታወቂያ ለጠፈ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ በደንበኛው ስም መቀመጥ አለበት። ሥራው ቢበላሽ ላፕቶፑን የሚመልሰው እሱ ነው።

«ፋብሪካው የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ከፊሉ እውነት ነው። የማቀዝቀዣው አቅምና የኃይል አቅርቦቱ የተሰሉት ለተወሰነ ዋት ነው፤ የቀኑ ሙቀት በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍባት ድሬዳዋ ደግሞ ስሌቱ ይጠብቃል። ይህ ግን መምረጥን እንጂ መተውን አያስገድድም። በቲ420 ላይ የሚገኘው ባለ ሁለት ኮሩ አይ5-2520ኤም 35 ዋት ነው፤ ባለ አራት ኮሩ አይ7-3632ኪውኤምም እንዲሁ 35 ዋት ነው። 45 ዋቱን አይ7-3740ኪውኤም መትከል ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ምንጩ ያልታወቀ ባዮስ ሃርድ ዲስክ ቢቀየር እንኳ የማይጠፋ ተንኮል ሊይዝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጋለጠው ሎጃክስ የተባለ ተንኮል ይህ ተረት እንዳልሆነ አሳይቷል። መልሱ ከላፕቶፑ ከራሱ የተነበበን ፋይል ማስተካከል፣ ካልሆነም ኮዱ ክፍት የሆነውን መጠቀም ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ከሦስቱም ጠንካራው እሱ ይመስለኛል። ላፕቶፕ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ በሃርድ ዲስኩ ምክንያት ነው፤ ኤስኤስዲና ራም ሳይቀየሩ ፕሮሰሰር መቀየር ደጁ የተዘጋ ቤት ጣሪያውን እንደ ማደስ ነው።

የዕድሉ በርም እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ ሃስዌል ትውልድ በኋላ ኢንቴል ለላፕቶፕ በሶኬት የሚቀመጥ ፕሮሰሰር መሥራቱን ትቶ ቦርዱ ላይ ወደሚበየደው ዞሯል። በዚያው ትውልድ የመጣው ቡት ጋርድ ሥራ ላይ በዋለበት ላፕቶፕ ደግሞ ሃርድዌሩ ፊርማ የሌለውን ባዮስ አያስነሳም። ይህ «ተከልክሏል» የሚባለው ነው፤ ባለቤቱ በገዛው ዕቃ ላይ ቁልፉ በሌላ እጅ ቀርቷል። ሙያው ግን ከሶኬቱ ጋር አያበቃም። ዝመና ላይ ሳለ መብራት ሄዶበት የሞተን ባዮስ የሚመልሰው ያው ክሊፕ፣ ያው ፕሮግራመርና ያው ሁለት ጊዜ የማንበብ ልማድ ነው። መብራትም መሄዱን አልተወም።