እግር ሳይነሣ የሚለወጥ ማርሽ

አንባቢ ሆይ፤ መኪና መንዳት ተምረው ከሆነ አስተማሪዎ በመጀመሪያው ቀን የነገረዎትን ትእዛዝ አይረሱትም። «ማርሽ ስትለውጥ እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንሣ፤ ፍሪሲዮኑን እርገጥ፤ ማርሹን አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ ስጥ።» ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ተማሪ ሞተሩም ያጓራበታል፤ አስተማሪውም ይቆጣዋል። ዛሬ ላወጋዎ ያሰብሁት ግን ትእዛዙን ሆን ብለው ስለሚያፈርሱ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ማርሽ ሲለውጡ ቀኝ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ጨርሶ አያነሡም፤ እስከ ወለሉ ድረስ እንደ ረገጡት ነው።

ነገሩን ያስነሣብኝ አንድ ተማሪዬ ነው። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ስልኩን ይዞ መጣና በአሜሪካ አገር የተነሣ አጭር ፊልም አሳየኝ። ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። መብራቱ አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት የአንደኛው ሞተር ጉሮሮው እንደ ተያዘ ሰው «ጠጠጠጠ» ይላል፤ ከተነሣም በኋላ ማርሽ በተለወጠ ቁጥር ያው ድምፅ ለቅጽበት ይሰማል። «መምህር፣ ይኸ ሞተር ታሟል እንዴ? ታዲያ እንዴት አሸነፈ?» አለኝ። እኔም «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁትና ማታ እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ።

ውድድሩ ድራግ ይባላል። ሁለት መኪናዎች ከቆሙበት ተነሥተው፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ አንድ አራተኛ ማይል ማለት 402 ሜትር ያህል የሚሽቀዳደሙበት ነው። ኩርባ የሚባል ነገር የለበትም። በአሜሪካ ይህን ውድድር በደንብና በሥርዓት እንዲካሄድ ያደረገው ኤን ኤች አር ኤ የተባለው ማኅበር ሲሆን፣ የተቋቋመውም በ1951 እ.ኤ.አ. በዋሊ ፓርክስ መሥራችነት ነው። እሳት እየተፉ የሚበሩት የከፍተኛው መደብ መኪናዎች ማርሽ ስለማይለውጡ እነሱን እንተዋቸው። ጉዳያችን በእጅ ማርሽ ከሚነዱት ጋር ነው።

እነዚህ ሰዎች ስለ አንድ ሰከንድ ክፍልፋይ ይህን ያህል የሚጨነቁት ስለምን ነው? አብረን እናስላው። ባለ አራት ማርሽ የሆነ አንድ የውድድር መኪና እንውሰድ፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ የሚለውጠው በሰከንድ 22 ሜትር ሲሮጥ ነው እንበል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ በሰከንድ 48 ሜትር ይሮጣል። ነጂው እንደ ተማረው እግሩን አንሥቶ በመለወጡ የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ጊዜ ሞተሩ ሳይገፋ ቀረ። በዚያች ቅጽበት መኪናው አልቆመም፤ በነበረው ፍጥነት 4 ሜትር ከ40 ሄዷል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ፍጥነት ሁሉ የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ዘግይቶ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ይህ መዘግየት በሰከንድ 48 ሜትር ሲመነዘር 9 ሜትር ከ60 ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ ኪሳራው 5 ሜትር ከ20 ይሆናል። ማርሹ ሦስት ጊዜ ይለወጣል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በበለጠ ፍጥነት ላይ ስለሚደረጉ ጉዳታቸው እያነሰ ይሄዳል፤ ቢሆንም ሦስቱ ሲደመሩ 11 ሜትር ያህል ይመጣል። ይህ ከሁለት መኪና ርዝመት በላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው የመጀመሪያው ለውጥ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ እኔ ራሴ ሳላሰላው በፊት የመጨረሻው ይመስለኝ ነበር።

«እንግዲያውስ እግሩን ባያነሣ ምን ቸገረው?» ይሉኝ ይሆናል። ችግሩ ፍሪሲዮኑ በተረገጠች ቅጽበት ይመጣል። ሞተሩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚገፋው አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ግን ሸክሙ ሁሉ ተነሥቶለት የቀረው የራሱ ኮሎና ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ ብረት ብቻ ነው። ጭነቱ በድንገት የተፈታለት በቅሎ እንደሚፈነጭ ሞተሩም ይፈነጫል። ለአንድ ብርቱ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በግምት ሳሰላው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ከ2,000 ዙር በላይ ይጨምራል። በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ የነበረው ሞተር ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ 9,000 ደረሰ ማለት ነው።

ይህ ምን ያመጣል? በ7,000 ዙር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 58 ጊዜ ያህል ይከፈታል። ቫልቩን መልሶ የሚዘጋው ሞላ ነው፤ ሞላውም የሚችለው ልክ አለው። ከልኩ ሲያልፍ ቫልቩ በሰዓቱ ሳይመለስ ይቀርና የሚወጣው ፒስቶን ይደርስበታል። በዚያም ላይ ፒስቶኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ የሚሸከመው ኃይል የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነውና፣ ከ7,000 ወደ 9,000 ሲወጣ ዙሩ የጨመረው ከመቶ 29 ያህል ሲሆን ኃይሉ ግን ከመቶ 65 ይጨምራል።

ሁለተኛ ጉዳትም አለ፤ ይኸኛው የተረሳ ይመስለኛል። በታወቀው የመንሲ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ የአንደኛው ማርሽ ልክ 2.20፣ የሁለተኛው 1.64፣ የሦስተኛው 1.28 ሲሆን፣ አራተኛው አንድ ለአንድ ነው። ስለዚህ በ7,000 ዙር ላይ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲለወጥ ሞተሩ ወደ 5,200 ዙር ያህል መውረድ አለበት። በቮላኖው ውስጥ የተከማቸው ትርፍ ጉልበት ታዲያ የት ይሄዳል? ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ በካምቢዮውና በዘንጉ በኩል ወደ ጎማ ይወርዳል። በእኔ ስሌት ሞተሩ ከ7,000 ቢወርድ የሚለቀቀው 24 ኪሎ ጁል ያህል ሲሆን፣ ፈንጭቶ ከደረሰበት ከ9,000 ቢወርድ ግን 59 ኪሎ ጁል ይሆናል። ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ተወዳዳሪዎች ይህን ዱብ ዕዳ ጨርሶ አይጠሉትም፤ መኪናውን ወደ ፊት የሚወረውር ጥሩ ግፊት ነውና። ግን መጠኑ ሲበዛ ወይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይ የማርሹ ጥርስ ይረግፋል፤ መጠኑ በየጊዜው ሲለያይ ደግሞ የሚታመንበት ነገር አይኖርም።

በዱሮው ጊዜ ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው የነጂው እጅና እግር ብቻ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰሜን ካሮላይናው ሮኒ ሶክስ፣ የሶክስና ማርቲን ቡድን ነጂ፣ አራት ማርሽ በመለወጥ ችሎታው በአገሩ የታወቀ ነበር። ፍሪሲዮኑን ነካ ከማድረጉ ማርሹ ገብቶ ስለሚያድር ሞተሩ የሚፈነጭበት ጊዜ አያገኝም ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ግን ለሁሉ አይሰጥም። በእነዚያው ዓመታት ሌንኮ የተባለው ያለ ፍሪሲዮን የሚለወጥ ካምቢዮ መጥቶ ብዙ ተወዳዳሪዎችን ከዚህ ፈተና ገላገላቸው። የቀሩት፣ ማለት ፍሪሲዮን እየረገጡ መወዳደርን የመረጡት፣ ወደ ዙር ገዳቢው ዞሩ።

ሞተርን ከልኩ እንዳያልፍ መግታት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች አድርጎ ነበር፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠቡታል። እንደ ፖርሽ 911ና እንደ ሎተስ ኢላን ባሉ የስፖርት መኪናዎች ደግሞ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ጣት ላይ በሞላ የተያዘች ትንሽ ብረት ትገጠም ነበር፤ ዙሩ ከልኩ ሲያልፍ ብረቷ ወደ ውጭ ተወርውራ ለካንዴላ የሚሄደውን ብልጭታ ታቋርጠዋለች። የዋት ኳሶች የልጅ ልጅ ናት ቢሏት አልተሳሳቱም።

ዛሬ ሥራው የኤሌክትሮኒክስ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር አራት ጊዜ እሳት ያነሣል፤ ስለዚህ በ7,000 ዙር በሰከንድ 467 ያህል ብልጭታ ይኖራል ማለት ነው። መሣሪያው በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው ከተወሰነለት ካጠረ አንዳንዱን ብልጭታ ያስቀረዋል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣና ይወርዳል፤ ሲወርድ ብልጭታው ይመለሳል። ተማሪዬ የሰማው «ጠጠጠጠ» ይኸው ነው፤ ሞተሩ አልታመመም፤ ተይዟል እንጂ። ካርቡራቶር ባላቸው ሞተሮች ላይ ብልጭታ ቢቀርም ነዳጁ መፍሰሱን ስለማይተው ያልተቃጠለው ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና እዚያ ይፈነዳል። ስለዚህም ኤም ኤስ ዲ በተባለው ስም የሚሸጡት መሣሪያዎች የሚዘለለውን ሲሊንደር እያፈራረቁ ሞተሩን በለስላሳው ለመያዝ ይሞክራሉ። በቀድሞዎቹ ላይ ልኩ የሚወሰነው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ እቃ በመሰካት ነበር፤ 7,000 የተጻፈባት ከተሰካች ልኩ 7,000 ነው።

እንግዲህ ነጂው እግሩን እስከ ወለሉ እንደ ረገጠ ፍሪሲዮኑን ቢጫን ሞተሩ መፈንጨት ይጀምራል፤ ነገር ግን ገዳቢው በ7,200 ወይም በ7,300 ላይ ጠብቆ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ማርሹ ይገባል፤ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፤ ከቮላኖው የሚወርደውም ጉልበት በየጊዜው አንድ ዓይነት ይሆናል።

ልኩን መወሰን ግን ጥበብ ይጠይቃል። ማርሹ በሚለወጥበት ዙር ላይ በትክክል ቢያደርጉት፣ የነጂው እጅ ጥቂት በዘገየ ቁጥር ሞተሩ ገና ማርሹ ሳይወጣ ይታፈናል፤ ያውም መኪናው መሮጥ በሚገባው ሰዓት። እጅግ ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ ከነመኖሩም አይቆጠርም። ጥቂት መቶ ዙር ከፍ ማድረግ የተለመደው ለዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ ሁለት ልክ ያበጃሉ። በፍሪሲዮኑ መርገጫ ሥር ትንሽ ማብሪያ ይገጠማል፤ መርገጫው በተረገጠ ጊዜ ዝቅተኛው ልክ፣ ለምሳሌ 4,000 ዙር፣ ሥራ ላይ ይውላል። በመነሻው መስመር ላይ ሞተሩን በዚያ ልክ ይዞ ለመቆየት ይህ ግሩም ነው። ነገር ግን ማብሪያው ማርሽ በተለወጠ ቁጥርም ይሠራል። እጁ ፈጣን ለሆነ ሰው ሞተሩ ብዙ ሳይወርድ ማርሹ ገብቶ ስለሚያልቅ ጉዳት የለውም። እጁ ለሚዘገይ ግን ሞተሩ ከ5,200 በታች ይወርድበታል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ መኪናውን በመግፋት ፈንታ መኪናው ሞተሩን መጎተት ይጀምራል፤ ኪሳራው እግር ከማንሣት ይብሳል። በእኔ አስተያየት ይህ መንገድ ለጀማሪ አይመከርም።

ኤን ኤች አር ኤ በበኩሉ በፕሮ ስቶክ መደብ በ2016 እ.ኤ.አ. ሞተር ከ10,500 ዙር እንዳያልፍ ደንብ አውጥቷል። ያ ግን ለሞተር ደኅንነትና ለወጪ የተደረገ የደንብ ጉዳይ እንጂ የማርሽ አለዋወጥ ዘዴ ስላልሆነ በዚሁ ልለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በማግስቱ ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ከነገርሁት በኋላ «እንግዲያውስ ገዳቢ ያለው ሞተር አይሰበርም ማለት ነው» አለኝ። አይደለም! ገዳቢው የሚችለው ሞተሩ በራሱ እሳት እንዳይፈነጭ መከልከልን ብቻ ነው። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ሲሆን ግን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ብልጭታውን ሁሉ ቢያጠፋ እንኳ ኮሎው መዞሩን አይተውም። ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ነጂ ፍሬኑ እንዳይግልበት በከባድ ማርሽ ሞተሩን ይዞ ይወርዳል። ከሚገባው በታች የሆነ ማርሽ ቢያስገባ ቁልቁለቱና ጭነቱ ሞተሩን ከልኩ በላይ ያዞሩታል፤ ነዳጁን የሚመጥነው መሣሪያ ነዳጁን ጨርሶ ቢዘጋ እንኳ አያድነውም።

በድራግ መንገድ ላይ አደጋው ያለው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ በሚለወጥበት ጊዜ ነው። አንደኛው ወደ ፊት፣ ሁለተኛው በቀጥታ ከኋላው፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ወደ ፊት ነው። ነጂው በጥድፊያ የማርሹን ዘንግ ወደ ራሱ ስቦ ቢገፋው ሦስተኛ መስሎት አንደኛን ያስገባል። በ7,000 ዙር ላይ ይህን ቢያደርግ ጎማው ሞተሩን ወደ 9,400 ዙር ያህል ይወስደዋል። በተራ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ፍጥነቱ ያልተመጣጠነ ማርሽ እንዳይገባ የሚከላከል ቀለበት አለ፤ በውድድር ካምቢዮ ብዙ ጊዜ ይህ ቀለበት ለፍጥነት ሲባል ስለሚወጣ የተሳሳተውም ማርሽ እንደ ትክክለኛው ሁሉ ወዲያው ይገባል። እግሩ ከነዳጁ ላይ ሳይነሣ የሚለውጥ ሰው ደግሞ የሚያመነታበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነጂዎች ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሄዱ ዘንጉን ጨብጠው አይገፉትም። አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው፣ መዳፋቸውን ከሰውነታቸው ወደ ውጭ አዙረው፣ በተከፈተ እጅ ወደ ፊት ይመቱታል። ዘንጉ ከሁለተኛ ሲወጣ በውስጡ ያለው ሞላ ራሱ ወደ ሦስተኛው መሥመር ያመጣዋል፤ የመዳፉም አቅጣጫ ወደዚያው ይረዳዋል። ለተማሪዬ ይህን በጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ቆሜ ሳሳየው እሱ ደግሞ በግራ እጁ ሞከረው፤ በግራ እጅ ሁሉ ነገር እንደሚገለበጥ፣ በኬንያ ያሉ ነጂዎችም መዳፋቸውን በሌላ በኩል ማዞር እንዳለባቸው ያስተዋለው እሱ ነው።