የሱሲታ ቡሎንና ዳዶ

ከሐይፋ ተነስቶ በኢይዝራኤል ሸለቆ በኩል ወደ ገሊላ ባሕር የሚወርድ መኪና አፉላ ይደርሳል። 60፣ 65 እና 71 ቁጥር መንገዶች የሚገናኙባት ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በ1925 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚሁ መንገድ ጫፍና ጫፍ አንድ ስም ይገኛል። ሐይፋ ላይ አውቶካርስ የተባለ ኩባንያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሱሲታ የምትባል መኪና ሠርቷል፤ ከባሕሩ በስተምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ ሱሲታ የምትባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። መኪናዋ ሪላያንት ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በመተባበር የተሠራች ስትሆን ሻሲዋ ብረት፣ አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ሞተሯ የእንግሊዝ ፎርድ ነበር። አካሏን ግመል ይበላዋል እየተባለ ብዙ ተቀልዶባታል። ዛሬ ግን ከእሷ የተረፉት በአሰባሳቢዎች እጅ በክብር የሚያዙ ቅርሶች ናቸው። እንዲህ ያለችውን መኪና ወደ ቀድሞ መልኳ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ሞተሩ ድምፅ ነው። እኔ ግን እድሳቱ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክሩት ቡሎኖቹ ናቸው እላለሁ።

ለእነዚህ ትንንሽ ነገሮች በጋራዥ አማርኛ ስም አላነሰንም። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቪቴ፣ ካቻቪቴ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ ገብተው ቤተኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። አፉላ ሙሳኽ (ጋራዥ) ውስጥ የሚሠራ ወገናችን ደግሞ በዕብራይስጥ ቡሎኑ ቦሬግ፣ ዳዶው ኦም፣ ሮንዴላው ዲስኪት ሲባል ይሰማል። ስሙ ቢለዋወጥ ግድ የለም፤ ችግር የሚያመጣው የመለኪያው መለዋወጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ በቮልስ፣ በፊያትና በላዳ የሠለጠነ እጅ የለመደው ሚሊሜትር ነው። የሱሲታ ሞተር ግን እንግሊዛዊ በመሆኑ በኢንች የተቆረጠ ነው። በድሮ ላንድሮቨር ላይ የሠራ መካኒክ ይህን በደንብ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 የቡሎን ጥርስ ወጥ መለኪያ እንዲኖረው ሐሳብ ሲያቀርብ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በ60 ዲግሪ የጋራ መለኪያ ተስማሙ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ የወጣ ዕቃ ላይ የድሮውም የአዲሱም ጥርስ ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል።

ጉዳዩን በአንድ ቡሎን ላይ ቀረብ ብለን እንየው። ባለ 5/16 ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ነው። ከባለ 8 ሚሊሜትሩ አጠገብ ቢቀመጥ ዓይን አይለያቸውም። ጥርሱ ግን ሌላ ነው። በኢንች 24 ጥርስ ያለው ደቃቁ ዓይነት ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 1.06 ሚሊሜትር ይርቃል፤ የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ግን 1.25 ነው። የማይገጥመው ዳዶ አንድ ሁለት ዙር በእሺታ ይገባና ይይዛል። ያልጠረጠረ ሰው «ጠበቀ» ብሎ ቁልፍ ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ ጥርስ ጥርስን ይበላል። የዚሁ ቡሎን ራስ 1/2 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው። 13 ቁጥር ቁልፍ ይገባለታል፤ ነገር ግን እየተወላወለ ማዕዘኑን ያሟልጨዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጥርሱ በብሩሽ ከጸዳ በኋላ ቡሎኑ ቁልፍ ሳይነካው በጣት ብቻ ቢያንስ ሦስት አራት ዙር መግባት አለበት። በጣት እምቢ ያለ ቡሎን በቁልፍ አይለመንም።

በታደሱ መኪኖች ውድድር ላይ ዳኞች ይህን ሁሉ ለምን ይመለከታሉ? በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ጥንታዊ አውቶሞቢል ክበብ መኪናን የሚዳኘው ከ400 ነጥብ ሲሆን መለኪያው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሁኔታ ነው። ከዚያ በላይ ማሳመር ተጨማሪ ነጥብ አያስገኝም። ለሱሲታ ባለቤት ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኮርቬት አዳሾች ልምድ ነው፤ ኮርቬትም ከ1953 ጀምሮ አካሉ ፋይበር ግላስ ነውና። በ1974 የተቋቋመው የኮርቬት አዳሾች ማኅበር ከፍተኛውን ማዕረግ የሚሰጠው ከነጥቡ 94 በመቶና ከዚያ በላይ ላገኘ መኪና ነው። እንዲህ ባለው ሚዛን ላይ አንድ ባዕድ ቡሎን የሚያስቀንሰው ጥቂት ነው፤ ሃያ ሠላሳው ሲደመር ግን ማዕረጉ ይሄዳል። እስራኤል ውስጥም 30 ዓመት የሞላው መኪና በአሰባሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ሲቀርብ ከዋናው መልኩ ምን ያህል እንዳልራቀ ይታያል።

ነጥቡን ትተን ምክንያቱን ብናይ፣ ቡሎን ሰነድ ነው። ራሱ ላይ የተቀረጸው ምልክት የትና መቼ እንደተሠራ ይጠቁማል። በአሜሪካ መለኪያ ሦስት ሰረዝ ያለው መካከለኛ ጥንካሬ፣ ስድስት ሰረዝ ያለው ከፍተኛ ጥንካሬ ነው። በሚሊሜትር 8.8 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ቡሎኑ ሳይበጠስ እስከ 800 ሜጋፓስካል ይሸከማል፤ ተለጥጦ የሚቀረው ደግሞ የዚህ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው ማለት ነው። እንግዲህ በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ላይ 8.8 የሚል ራስ ከታየ፣ ሌላ እጅ እንደገባበት ቡሎኑ ራሱ ይናገራል። አዲስ አበባ ላሉ የቮልስ ወዳጆችም ይህ ይሠራል፤ የድሮዎቹ የጀርመን ቡሎኖች 8.8 ከመባላቸው በፊት 8ጂ የሚል ምልክት ነበራቸው። የቪቴ ራስም ዘመን አለው። ባለ መስቀሉ የፊሊፕስ ራስ በ1930ዎቹ አጋማሽ የመጣ ነው፤ ፖዚድሪቭ የሚባለው፣ በመስቀሉ መካከል ሌላ ቀጫጭን ሰረዝ ያለው፣ በ1960ዎቹ ተከተለው። በ1920ዎቹ መኪና ክሩሽኮት ላይ ፊሊፕስ ማየት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ውስጥ የእጅ ስልክ እንደማየት ነው።

ቀለሙም ይናገራል። በብዙ ፋብሪካዎች የበር ማጠፊያ ቡሎን ከአካሉ ጋር አብሮ ይቀባ ነበር፤ ከቀለም በኋላ የታሰረው ደግሞ በዚንክ፣ በካድሚየም ወይም በጥቁር ፎስፌት ልባሱ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የትኛው ቡሎን እንደተቀባና የትኛው እንዳልተቀባ ያየ ሰው መኪናው በምን ቅደም ተከተል እንደተገጣጠመ ያነብባል። ሁሉንም አንድ ላይ ክሮም ያስነከረ አዳሽ ይህን ታሪክ ሰርዞታል። የቪቴዎቹን ስንጥቅ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ማሰለፍም እንዲሁ ነው። ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሰዓት የሚቆጠር ሥራ ላይ የቆመ የፋብሪካ ሠራተኛ ቪቴው ሲጠብቅለት ወደ ቀጣዩ ያልፍ ነበር።

አጠባበቁ የራሱ ጥበብ አለው። ቁልፍ ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ዘጠና በመቶ ያህሉ ከራሱ ሥርና ከጥርሱ ላይ በሚፈጠረው ሰበቃ ይባክናል፤ ቡሎኑን ስቦ የሚያስጨንቀው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለደረቅ ጥርስ የተጻፈን ልክ በዘይት በተቀባ ጥርስ ላይ መጠቀም ቡሎንን የሚበጥሰው፤ ሰበቃው ሲቀንስ ትርፉ ጉልበት ሁሉ መሳቢያ ይሆናል። ፋይበር ግላስ ላይ ደግሞ ሕጉ ይለወጣል። ላሜራ ሲጨነቅ ይመልሳል፤ ፋይበር ግላስ ግን ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ሲበዛበትም በቡሎኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቀለሙን ዘልቆ ይወጣል። ስለዚህ ጭነቱን የሚያሰፋ ሰፊ ሮንዴላ ከአካሉ ጋር ይተኛል፣ የስፕሪንግ ሮንዴላው በእሱና በቡሎኑ ራስ መካከል ይገባል፣ ሰፊው ሮንዴላ ገጥሞ መዞር ሲያቆም እጅም ይቆማል። በሱሲታ ፓራፋንጎ ላይ የሚታየው መሰንጠቅ ሁሉ የዕርጅና ነው ብዬ አላምንም፤ በላሜራ የለመደ ጠንካራ እጅም ድርሻ አለው።

አጥብቆ የሚነሣው ተቃውሞ «የማይዝገው ብረት እያለ ለምን በሚዝገው እንደክማለን?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለዕለት መጓጓዣም አንዳንድ ቦታ ላይ መልሱ «ይሁን» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተለመደው የማይዝግ ቡሎን ጥንካሬ 700 ሜጋፓስካል ነው፤ ከ8.8ቱ ያንሳል። የማይዝግ ቡሎንና የማይዝግ ዳዶ ያለ ቅባት ሲፋተጉ ተበላልተው ይጣበቃሉ። እርጥበት ባለበት ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። አፉላ ከባሕር ዳር ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ ለውድድር የሚታደስ መኪናም ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው። እዚያ ቀጭን የሰም ቅባት ይበቃል። «ከሥር ያለውን ማን ያየዋል?» ለሚለውም መልስ አለ። ዳኛ ቡሎን አይፈታም፣ እውነት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈታው ቀጣዩ አዳሽ ግን ያየዋል፤ የተሳሳተውንም ልክ ነው ብሎ ይቀጥልበታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከዳኛው ወገን አልቆምም። መሪ፣ ፍሬንና ጎማ የያዘ ቡሎን ጥርሱ ከተበላ ወይም አንገቱ ከሳሳ፣ ዋናነቱ ምንም ቢሆን ወጥቶ መጣል አለበት። ዳዶ እንዳይፈታ በቀዳዳው አልፋ የምትታጠፈው ሽቦም አንዴ ከተፈታች አትመለስም፤ በየጊዜው አዲስ ትገባለች። የሚተካው ቡሎን ጥንካሬው ከድሮው የማያንስ፣ ጥርሱና የራሱ ቅርጽ ዘመኑን የሚመስል ይሁን። ይህ ከተሟላ በኋላ ነጥብ ቢቀነስም ይቀነስ።

ሌላው ሁሉ መዳን ይችላል። የዛገ ቡሎን ይጸዳል፣ እንደገናም በዚንክ ይለበሳል፤ ራሱ ላይ ያለው ምልክት ግን አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። አውቶካርስ ከተዘጋ ዘመን ተቆጥሯል፤ የሱሲታ ቡሎን የሚሸጥበት መደብር የለም፣ የሚገኘው ከሌላ ሱሲታ ላይ ነው። እንግዲህ አፉላም ሆነ አዲስ አበባ ያረጀ መኪና ለመፍታት የተዘጋጃችሁ ወገኖች፣ የመጀመሪያውን ቡሎን ከማውጣታችሁ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት። ሲወጣም ከነሮንዴላው በትንሽ ከረጢት አስገቡና «የግራ ፓራፋንጎ፣ ከፊት ሁለተኛ» ብላችሁ ጻፉበት።