«በሃያ ዘጠኝ ዓመትህ ወገቤን?»

እናቴ ከደሴ በስልክ የሰጠችኝ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነበር። በእኛ ቤት ወገብ የሽማግሌ ነው፤ ጎረምሳ ወገቤን ካለ ወይ ሥራ ጠልቷል ወይ ዋሽቷል። ቀጥላ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «በል ቅቤ ይቀቡህና ተኛ፤ ደግሞ እዚያ አገር ወጌሻ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኡበር እነዳለሁ፤ ከሬገን ኤርፖርት አሌክሳንድሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያ በ495 ወደ ሜሪላንድ እያልኩ በቀን 11 ሰዓት ከመቀመጫዬ አልነሣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ እጭን ነበር። አንድ ቅዳሜ ሶፋ ላነሣ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤን ያዘኝ። በሳምንት ይለቀኛል ያልኩት ስምንት ወር ቆየ። ሐኪሞች ከሦስት ወር ያለፈውን ሥር የሰደደ ይሉታል። አንጀቴን የቆረጠው ግን ስያሜው አይደለም። የሁለት ዓመቷ ልጄ እጇን ወደ እኔ ትዘረጋና፣ ትዝ ሲላት ወደ እናቷ ትዞር ጀመር።

ኤም አር አይ ተነሣሁ። ውጤቱን ያነበበልኝ ሐኪም «ወገብህ የስልሳ ዓመት ሰው ወገብ ነው፤ ከባድ ነገር እንዳትነካ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር የምራመደው። ከፋርማሲ ሰፊ ቀበቶ ገዝቼ ታጠቅሁ፣ ሥራም ቀነስኩ። ሕመሙ ግን አልቀነሰም። ስለ ኦፐሬሽን መጠያየቅ ጀመርኩ።

ወደ አሌክሳንድሪያ የላከኝ እንደ እኔው ሹፌር የሆነ ጓደኛዬ ነው። ፊዚካል ቴራፒስቷ ሐበሻ ናቸው፤ ታላቄ ስለሆኑ አንቱ እላቸዋለሁ። የኤም አር አዩን ወረቀት አንብበው፣ አጥፈው መለሱልኝና «ከሕመሙ ይልቅ ይኼ ወረቀት ነው የጎዳህ» አሉኝ። የነገሩኝን በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩት። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በ1994 ባወጣው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤም አር አይ ተነሥተው፣ 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኝቷል። በ2015 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ደግሞ ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ዲስካቸው ማርጀት እንደ ጀመረ ያሳያል። ሽበት ያለው ሁሉ ራሱን አያመውም እንደ ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ስምንት ወር ሙሉ የፈራሁት ሽበቴን ኖሯል።

ታዲያ ለምን ያማል? ሴትየዋ የሰጡኝ ምሳሌ ለሹፌር የሚገባ ነው። አንዳንድ መኪና አላርሙ ከልክ በላይ ንቁ ይሆንና ሌባ ሳይመጣ፣ ድመት ስትዘልበት ይጮኻል። ሥር በሰደደ ሕመምም ነርቮቹ እንደዚያ ይሆናሉ። መጀመሪያ የተጎዳው ጅማት ድኖ እንኳ ጩኸቱ ይቀጥላል። ሰውየው በፍርሃት መንቀሳቀስ ሲተው ጡንቻው ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ትንሽ ነገር ሲያነሣ ያመዋል፤ ያኔ ፍርሃቱ እውነት ይመስላል።

በመጀመሪያ የሞከርነው የማኬንዚን ዘዴ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ሮቢን ማኬንዚ የኒው ዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነበር። በ1956 አንድ ታማሚው ራስጌው ከፍ ብሎ በቀረ አልጋ ላይ በስሕተት በደረቱ ተኛ። በዘመኑ ግንዛቤ ይህ ወገብ የሚሰብር አተኛኘት ነው። ማኬንዚ ደንግጦ ሲመለስ ሰውየው የእግሩ ሕመም እንደ ለቀቀው ነገረው። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ መለጠጥን እየደጋገሙ ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ መሰብሰቡን ማየት የታወቀ ዘዴ ሆነ። ለእኔ ግን እምብዛም አልሠራልኝም። የእኔ ሕመም እግሬ ድረስ አይወርድም ነበር።

የሠራልኝ ክብደት ማንሣት ነው። አዎ፣ ያው የተከለከልኩት! በ10 ፓውንድ ጀመርን። ከዳሌ ታጥፎ ከወለል ማንሣት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ። ማሳመሙ አይቀርም፤ እርሳቸው ግን ሕመሙ በማግስቱ ወደ ነበረበት እስከ ተመለሰ ድረስ አትቁም ብለውኛል። መድረሻችንን ሲጠይቁኝ «28 ፓውንድ» አልኩ። የልጄ ክብደት ነው።

ቀበቶዬን አስወለቁኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለ ሕመም የወገብ ቀበቶን፣ በማሽን መጎተትንና አልትራሳውንድን አይመክርም። የሚደግፈው የአካል እንቅስቃሴን፣ ታማሚውን ማስተማርንና መታሸትን ጭምር ነው። ስለዚህ እናቴ ከመታሸቱ ላይ ከፊል ልክ ነበረች፤ ከመተኛቱ ላይ ግን አይደለችም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ክብደት ከማንሣታችን በፊት በጥያቄ አጣድፈውኝ ነበር። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ እግሩ እየሰነፈ የመጣ ሰው ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል፣ ከእኛ አገር የመጣ ሰው ይህን ለሐኪሙ ራሱ ያንሣ፤ እዚህ ሁሉም ሐኪም አያስታውሰውም። ወጣት ሆኖ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር የሚል፣ ሲያርፍ የሚብስበትና ሲንቀሳቀስ የሚቀለው ደግሞ የሩማቶሎጂ ሐኪም ይይ። ይህ በሽታ ራሱን የቻለ መድኃኒት አለው።

ስለ ገንዘቡ ትጠይቁኝ ይሆናል። በሜሪላንድ ሕግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቀጥታ ቴራፒስት ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ ኢንሹራንሱ ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ቀድሞ መደወል ያዋጣል። እኔ የሄድኩት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን ሳሎን ውስጥ ሠራሁት፤ ክብደት ሲጠፋ የጤፍ ከረጢት አነሣሁ።

አሁን በስላይጎ ክሪክ ዳር በሳምንት አራት ቀን 30 ደቂቃ እራመዳለሁ። በ2024 ላንሴት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በፊዚዮቴራፒስት ምክር የእግር ጉዞ የጀመሩት ሕመሙ ተመልሶ እስኪይዛቸው መካከለኛው ቆይታ 208 ቀን፣ ያልጀመሩት 112 ቀን መሆኑን አሳይቷል። ተመልሶ አይመጣም አይልም። እኔንም ረጅም ቀን ስነዳ ይነካካኛል፤ ያን ጊዜ መኪናውን አቁሜ እወርዳለሁ።

28 ፓውንድ ላይ ለመድረስ አራት ወር ፈጀብኝ። ልጄ በበኩሏ 31 ገብታ ጠበቀችኝ። በማግስቱ ከመኪና ወንበሯ አነሣኋት፤ ባለቤቴ ከኋላ ሆና እጇን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር።