ቱና፦ ዓሣው፣ ፍሬውና የእኛ በለስ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለሱቁን «ቱና አለ?» ብትሉት የታሸገ ዓሣ ያወርድላችኋል። ሜክሲኮ ገበያ ገብታችሁ (አደባባዩን ሳይሆን አገሩን ማለቴ ነው) ይህንኑ ቃል ብትጠሩ የሚመዘንላችሁ በለስ ነው።

ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። የዓሣው ስም መነሻ ግሪክ ነው። ከዚያ ሮማውያን «ቱኑስ» አሉት፤ ዐረቦች «ቱን»። ስፔኖች ከዐረቦች ሲወስዱት «አል» የምትለዋን መነሻ ቅጥያም ጠቅልለው ወሰዱ። እስከ ዛሬ «አቱን» የሚሉት ለዚህ ነው። «አ»ዋ የረገፈችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ካሊፎርኒያ ላይ፣ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ነው። በ1903 እዚያው ሳን ፔድሮ ወደብ ላይ ቱናን በቆርቆሮ ማሸግ ተጀመረ። ቃሉን ወደየአገሩ ሱቅ ያዳረሰው ይኸው ቆርቆሮ ይመስለኛል።

የፍሬው ስም ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ አይደለም። ኮሎምበስ በ1492 ካሪቢያን ሲደርስ የተቀበሉት የታይኖ ሰዎች ቃል ነው። ስፔኖች ቃሉን ይዘው ሜክሲኮ ሲገቡ ፍሬው እዚያ የራሱ ስም ነበረው፤ አዝቴኮች «ኖችትሊ» ይሉታል። የዋና ከተማቸው የቴኖችቲትላን ስም ውስጥ ያለው እሱ ነው። በሜክሲኮ ባንዲራ ላይም ንስሩ የቆመው በዚሁ ተክል ላይ ነው።

ሳን ሉዊስ ፖቶሲ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት «ኬሶ ዴ ቱና» ይሸጣል፤ ቃል በቃል «የቱና አይብ»። ወተትም ዓሣም የለበትም። የፍሬው ጭማቂ እሳት ላይ ውሎ ሲወፍር ይመታና ጠይም ጣፋጭ ይሆናል። ስፔን ውስጥ ደግሞ ካባ ለብሰው ጊታር እየመቱ የሚዘፍኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድን «ቱና» ይባላል። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ቱና የሚሉት እባብ የሚመስለውን ረጅም ዓሣ ነው። ይህም እንዲያው የድምፅ ግጥምጥሞሽ ነው።

የእኛ ነገር ይለያል። እኛ ስሙን ያጋራነው አስመስለን ነው። ተክሉን «ቁልቋል» ያልነው ወተታሙን አገር በቀል ቁልቋል አይተን ነው። ፍሬውን «በለስ» ስንል ደግሞ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙትን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን በለስ ስም ሰጠነው። ሳይንሳዊ ስሙም ቢሆን «የህንድ በለስ» የሚል አለበት፤ ስፔኖች አሜሪካን «ህንዶች» ይሏት ስለነበር።

ክረምት ላይ መቀሌ ወይም አዲግራት መንገድ ዳር የሚሸጡት ልጆች የስሙ ጣጣ አያሳስባቸውም። የሚያሳስባቸው ለዓይን የማይታየው ፀጉር መሳይ እሾህ ነው። ፍሬውን በጥንቃቄ ይይዙና ጫፍና ጫፉን በቢላ ይቆርጡታል፤ ወገቡን በቁመቱ ይሰነጥቁና ልጡን ወደ ግራና ቀኝ ይገልጡታል። ውስጡን የሚያነሳው ገዢው ራሱ ነው፤ የሻጩ ጣት አይነካውም።