ባለቤቱ የጣለውን ተመልካቹ አነሳው

ማታ ከሥራ ወጥቼ በለንደን አውቶቡስ ወደ ቤቴ ስሄድ ብዙ ጊዜ የማዳምጠው ምስሉ የጠፋ ድራማ ነው። «ዶክተር ሁ» ይባላል፤ ከልቤ እወደዋለሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቢቢሲ ይህን ተከታታይ ድራማ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ባለታሪኩ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ሲሆን፣ ከውጭ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል፣ ውስጡ ግን አዳራሽ በሚያክል መርከብ ከዘመን ዘመን ይጓዛል። ሊሞት ሲል መልኩም ጠባዩም ተለውጦ እንደገና ይነሳል። ይህ ብልሃት የመጣው በ1966 የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤና ሲያጣና ፓትሪክ ትራውተን ቦታውን ሲረከብ ነው። ድራማው ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀውም በዚሁ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ያ መልክ የተለወጠበት ክፍል ሙሉ ምስሉ ዛሬ የለም። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ የተላለፈውን እያጠፋ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ለውጭ አገር የተባዙት ፊልሞችም የሽያጭ ውላቸው ሲያበቃ ተወገዱ። ለውጡ የሚታይባት አጭር ቅንጭብ የተረፈችው በ1973 «ብሉ ፒተር» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ስላሳያት ነው። መሬት ላይ የተጋደመው የሃርትኔል ፊት በብርሃን ይዋጣል፤ ብርሃኑ ሲከስም ትራውተን ተኝቷል። ሴኮንዶች ብቻ ናቸው፤ ባየኋት ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል።

ድምፁ ግን አለ፤ የጠፉት ክፍሎች ሁሉ ድምፅ። ያኔ ቴፕ መቅረጫ የነበራቸው ወጣቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ አንዳንዶቹ ማይክሮፎን ከቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው፣ ለራሳቸው ቀድተውት ነበር። ያዘዛቸውም የከፈላቸውም የለም። ከዓመታት በኋላ ቢቢሲ ራሱ እነዚያን ቅጂዎች አጽድቶ ለገበያ አቀረበ፤ በአንዳንዶቹም ላይ አኒሜሽን ተሠራ። አድናቂነት ሲባል ብዙ ሰው ልብሱንና አሻንጉሊቱን ያስባል። እኔ የማከብረው ይህን ጠባቂነት ነው። በ1989 የተቋረጠውን ድራማ በ2005 የመለሰው ራስል ቲ. ዴቪስም ከልጅነቱ የድራማው አፍቃሪ ነበር።

ፍለጋው አላበቃም። በ2013 ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ክፍል የወጡ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ለሕዝብ ይፋ ሆኑ። አሁንም ከ90 በላይ ክፍሎች አልተገኙም። የሃርትኔልን ዘመን ክፍሎች ከገዙት አገሮች መካከል ደግሞ ኢትዮጵያም ነበረች።

ስለዚህ በድሮው የቴሌቪዥን ጣቢያ የሠሩ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ካሏችሁ ስለ ውጭ ፊልሞቹ ጠይቋቸው። ከዕቃ ቤት ክብ የፊልም ቆርቆሮ ብታገኙም እባካችሁ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትጣሉት።