የውጭ አገር ካርድና የኛ አገር ኤቲኤም

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ገንዘብ እያለ በምድር ላይ መንገድ ሲጠፋ አየሁ። ውድ አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በአንዲት ቅዳሜ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩም እስከ ሱሉልታ አክስቴን ተከትዬ ስዞር ያየሁት ነገር ነው። ከመካከላችሁ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ የሌለው ጥቂት ስለሆነ፣ ምናልባትም ነገ እናንተው ራሳችሁ ወደ ውጭ የምትሄዱ ስለምትሆኑ፣ ነገሩን ማወቁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ የምትኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገሯ የተመለሰችው ለሽርሽር ሳይሆን ስለ አያቴ ዓይን ነበር። አያቴ የሚኖሩት ሱሉልታ ሲሆን የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ጋርዷቸው ሰውን በድምፁ ብቻ ወደ መለየት ደርሰው ነበር። ሐኪሞቹ ሰኞ ጧት ሊቀዱላቸው ቀጥረዋል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት 30,000 ብር መያዣ እንዲከፈል አዝዘዋል። ቀጠሮው ካለፈ ሌላ ተራ እስኪገኝ ብዙ ሳምንት መጠበቅ ግድ ነበር። አክስቴም «ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ መጓዝ ሌባ መጥራት ነው፤ ካርዴ ይበቃኛል» ብላ ከ120 ዶላር በቀር ሌላ ገንዘብ ሳትይዝ መጥታ ነበር።

ታሪኬን ከመቀጠሌ በፊት ስለ ማሽኑ አመጣጥ ጥቂት ልናገር። በዓለም የመጀመሪያው የገንዘብ መክፈያ ማሽን በሥራ ላይ የዋለው ሰኔ 20 ቀን 1959 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በሰሜን ለንደን በምትገኘው ኤንፊልድ፣ በባርክሌይስ ባንክ ነው። በዚያን ጊዜ ደንበኛው በፕላስቲክ ካርድ ፈንታ ልዩ ምልክት ያለበት የወረቀት ቼክ ያስገባ ነበር። የማሽኑ አሳቢ ጆን ሼፐርድ ባሮን የምስጢር ቁጥሩን ባለ ስድስት አኃዝ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ከአራት በላይ ለማስታወስ እንደማትችል ብትነግረው አራት አደረገው ይባላል። በኢትዮጵያ ኤቲኤምን የጀመረው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲሆን ጊዜውም 1993 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ጊዜም ያንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን አይሠራም ነበር፤ ባንኮችን የሚያገናኘው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ያገራችን ካርድ ከባንክ ወደ ባንክ መዞር ችሏል።

አሁን ወደ ቅዳሜያችን ልመለስ። ከጧቱ በሦስት ሰዓት አባቴ፣ አክስቴና እኔ ሰበታ ከሚገኝ አንድ ማሽን ፊት ቆምን። አክስቴ ካርዷን አስገብታ የምስጢር ቁጥሯን ብትነካ ማሽኑ ጥያቄዋን አልቀበልም ብሎ ካርዱን መለሰላት። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረች፤ መልሱ ያው ሆነ። «ያገራችን ማሽን መቼ ይሠራና!» ብላ ተቆጣች። አባቴ ግን ምንም ሳይናገር የራሱን ካርድ አስገብቶ 500 ብር አወጣ። እንግዲያስ ማሽኑ ጤነኛ ነበር፤ ችግሩ ከሌላ ቦታ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥያቄው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የውጭ አገር ካርድ ሲገባ ማሽኑ በመጀመሪያ በካርዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያነባል። ከፊት ያሉት ቁጥሮች ካርዱን የሰጠው ባንክ የቱ እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከማሽኑ ወደ ባለ ማሽኑ ባንክ፣ ከዚያም እንደ ቪዛና እንደ ማስተርካርድ ወዳሉት የዓለም አገናኞች፣ በመጨረሻም አሜሪካ ወዳለው ወደ አክስቴ ባንክ ይደርሳል። «ይከፈል» ወይም «አይከፈል» የሚለው ያ የሩቁ ባንክ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው። የኛ ባንክ ከካዝናው ብር ያወጣል፤ የካርዱ ባለቤት ባንክ ደግሞ በኋላ ሒሳቡን በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ስለዚህ እንግዳ ሰው በካርዱ ብር ባወጣ ቁጥር ላገራችን የውጭ ምንዛሪ ይገባል ማለት ነው።

የአክስቴ ባንክ «አይከፈል» ያለው ስለ ጥንቃቄ ነበር። ከትናንት ወዲያ ሜሪላንድ ዳቦ የገዛ ካርድ ዛሬ ሰበታ ላይ ሲገኝ ባንኩ ተሰርቆ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። «አንቺ ነሽን?» የሚል መልእክት ወደ ስልኳ ልኮ ነበር፤ ዳሩ ግን የአሜሪካ ስልኳ እዚህ ስለማይሠራ ዘግታው ነበር። በካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር በኔ ስልክ በኢንተርኔት ደወልን። በነርሱ አገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢሆንም ሰው አነሣ፤ ማንነቷን ጠይቆ ካርዱን ከፈተላት።

ከዚያ ለቅሶ ልንደርስ ወደ ቡራዩ ሄድን። መንገድ ዳር ባገኘነው ማሽን ቁጥሩን ብትነካ ማሽኑ ተቀበላት፤ ገንዘቡን ሲቆጥርም ተሰማን። ነገር ግን ዝናሙ ከብዶ ነበርና በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ካርዱ ወጣ፤ ብሩ ግን አልወጣም። በአክስቴ ሒሳብ ላይ 8,000 ብር የሚያህል ዶላር ተቀናሽ ሆኖ ታየ። አክስቴ እንባዋ መጣ። በዚህ መካከል አንድ ሰው ቀርቦ «ዶላር ካለሽ ከባንክ አብልጬ እገዛሻለሁ» አላት። አባቴም «በሕግ የተከለከለ ነው፤ ያባታችንን ዓይን በጨለማ ሥራ አናበራም» ብሎ አሰናበተው። እኔ ግን በልቤ የሰኞው ቀጠሮ አለቀለት ብዬ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይደረጋል? ማሽኑን መደብደብ አይረባም። የማሽኑን ቦታ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን መጠን መጻፍ፣ ደረሰኝ ከወጣም መያዝ፣ ከዚያም ካርዱን ለሰጠው ባንክ ማመልከት ይገባል። ማሽኑ ስንት ኖት እንደ ከፈለ በራሱ መዝገብ ይይዛል፤ ባለ ማሽኑ ባንክ ካዝናውን ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ ያልወጣው ገንዘብ ይታወቃል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ ገንዘቡም በአሥራ አንደኛው ቀን በሒሳቧ ላይ ተመለሰ። ሰኞ ግን አሥራ አንድ ቀን አትጠብቅም።

በአዲሱ ገበያ በኩል አድርገን፣ እንጦጦን ዞረን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሱሉልታ ገባን። ሱሉልታ ከፍተኛ ቦታ ስለሆነች ከውጭ አገር የሚመጡ ሯጮች ጭምር ለልምምድ ይመርጧታል። ቅዳሜም ቢሆን ክፍት የነበረ አንድ ባንክ አገኘንና በግቢው ውስጥ ካለው ማሽን 8,000 ብር ወጣልን። ለምን 8,000 ብቻ ቢሉ፣ የብራችን ትልቁ ኖት በ2013 ዓ.ም. የወጣው ባለ 200 ብር ነው፤ ማሽን በአንድ ጊዜ አርባ ኖት ቢያወጣ ከዚያ በላይ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ ጊዜ ሌላ 8,000 ወጣ። በሦስተኛው የአክስቴ ባንክ የቀኑ መጠን አበቃ አለ። ዘበኛው ሁኔታችንን አይተው «እትዬ፣ ፓስፖርት ካለዎት ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ» አሉን። በመስኮቱ 120 ዶላሩን በዕለቱ ምንዛሪ ሸጥን፤ የጎደለውን 14,000 ብር ሞላን፤ ጥቂትም ተረፈን።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን እንደሚከተለው አጠቃልላለሁ።

አንደኛ፤ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትን አገርና ቀን ለባንኩ ይንገር፤ ባንኩ የሚያገኘውም የሚሠራ ስልክ ይኑረው።

ሁለተኛ፤ የውጭ አገር ካርድ የሚሠራው በካርዱ ላይ ያለው ምልክት በማሽኑም ላይ ሲኖር ነው። ባንክ በተከፈተበት ሰዓት፣ በባንክ ግቢ ውስጥ ያለውን ማሽን መምረጥ ይሻላል፤ ካርዱ ቢዋጥ እንኳ የሚጠየቅ ሰው አለ።

ሦስተኛ፤ የምስጢር ቁጥሩ አራት አኃዝ ይሁን፤ በፊደል ሳይሆን በቁጥር ይጠና፤ ምክንያቱም ፊደል የሌለው ማሽን ብዙ ነው።

አራተኛ፤ ኪሳራው ከብዙ በኩል ይመጣል። ባለ ማሽኑ ባንክ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል፤ የራስ ባንክም «በውጭ አገር ተጠቅመሃል» ብሎ ከመቶው እስከ ሦስት እጅ ሊቀንስ ይችላል። አክስቴ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን ስትለውጥ ማሽኑ «በዶላር ላስላልሽ?» ቢላት ደስ ብሏት እሺ አለች፤ በኋላ ግን የማሽኑ ምንዛሪ ከባንኳ የባሰ ሆኖ አገኘችው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ባሉበት አገር ገንዘብ እንዲሰላ መምረጥ ይገባል።

አምስተኛ፤ በአንድ ካርድ ብቻ አይታመኑ። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ።

ካገራችን ወደ ውጭ ለሚሄዱም አንድ ነገር ልጨምር። በብር የተከፈተ ሒሳብ ተራ ካርድ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ይሠራልኛል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። ባንኮቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ የተጓዥ ካርድ ስላላቸው፣ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዞ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ ስለሚለዋወጥ የዕለቱን ዋጋ ማየትም ያሻል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ እኛ ሥራ በምንይዝበት ዘመን የውጭ ባንክ ማሽን በየሰፈራችን እናይ ይሆናል።

አያቴ ሰኞ ተቀዱ። ማክሰኞ የአንዱ ዓይናቸው ጨርቅ ሲነሣ አክስቴን ትኩር ብለው አይተው «ሸምግለሻል፤ ድምፅሽ ግን አልነገረኝም ነበር» አሏት። እሷም ሳቀችም አለቀሰችም። ከዚያ የሦስቱን ከተሞች ታሪክ ብንነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ ከሦስቱ ማሽን ይልቅ ያዳነኝ በመቀነቷ የቋጠረችው ነው» አሉ። እኔ ግን በአክብሮት ልከራከራቸው እወዳለሁ፤ ማሽኑም መቀነቱም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸውና። አስቀድሞ ያወቀና የተዘጋጀ ሰው በሁለቱም ይጠቀማል።